የተማሪ ሥራና ሥርዐቱ በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ

በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተማሪን በሥራ ማሠማራት፣ ማለት በቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እንዲያድል፣ በቤተ ሙከራ ዕቃ እንዲያጥብ፣ በጽሕፈት ቤት መዝገብ እንዲያስተካክል አድርጎ በሰዓት ሒሳብ መክፈል፣ ከውጭ አገር የተቀዳ ልማድ ነው ሲባል ደጋግመን ሰምተናል። ደንቡ በጽሑፍ የተዘጋጀበት መልክ በእርግጥ ከውጭ የመጣ ሊሆን ይችላል። ነገሩ ግን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ተማሪ እየተማረ መሥራቱ፣ ለሥራውም ተራና ጊዜ መወሰኑ ከፊደል ገበታ ጋር አብሮ የኖረ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ልማድ በአንድ አገር፣ ይኸውም በደብረ ታቦርና በዙሪያው ባለው ደጋ፣ ተመልክተን ሥርዐቱ ማንን ይጠብቅ እንደ ነበረ፣ ማንንስ ሳይጠብቅ እንደ ቀረ ለመመርመር ነው።

ደብረ ታቦርን የመረጥንበት ምክንያት በአንድ በኩል በአካባቢው የተተከሉት የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ቤቶች ዝና፣ በሌላ በኩል ደግሞ ከከተማው ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው ጋፋት ነው። በጉባኤ ቤት ተማሪው የሚሠራው ለመማር ሲል ነበር፤ በጋፋት ግን ሥራው ራሱ ትምህርት ሆነ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ለማየት ከዚህ የተሻለ አገር አላገኘንም።

ደብረ ታቦር በ19ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በየጁው ራስ ጉግሣ የተቆረቆረች፣ በኋላም የራስ ዐሊና የዐፄ ቴዎድሮስ መናገሻ የሆነች ከተማ ናት። ከአጠገቧ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ አለ። ደጋው ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ ሌሊቱ ውርጭ የሆነ አገር ነው። ይህን ብርድ አንባቢ ልብ ይበል፤ ስለ ማገዶ በምንናገርበት ጊዜ ነገሩን ያስረዳልና። በዚህ ደጋ ውስጥ በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ ማለት ድጓ የተማረ ሰው መምህር ለመባል ሄዶ የሚያስመሰክርባት ናት። ዙር አባ በዝማሬ መዋሥዕት የታወቀ ነው። በእስቴ የሚገኘው ቆማ ፋሲለደስ በስሙ የሚጠራ የዜማ ስልት አለው። ከተማዋ ራሷ፣ ደብረ ታቦር፣ የፎገራው አለቃ ገብረ ሃናና ልጃቸው ተክሌ የሚታወሱበት የተክሌ አቋቋም የሚነገርባት ናት። አለቃን ሕዝቡ በቀልዳቸው ብቻ ማስታወሱ ለሊቅነታቸው በቂ ምስጋና እንዳልሆነ በዚህ አጋጣሚ ማንሣት እንወዳለን።

ወደነዚህ ጉባኤ ቤቶች ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይም ሳይቀር ተማሪ ይመጣ ነበር። የመጣውም ገንዘብ ይዞ አይደለም። መምህሩም የትምህርት ዋጋ አይጠይቁም። የኔታ የሚኖሩት ደብሩ ከሚሰጣቸው መሬትና ከምእመናን ችሮታ ነው። ስለዚህ በጉባኤ ቤቱ ሒሳብ ውስጥ ገንዘብ የሚባል ነገር ከሞላ ጎደል የለም። ሒሳቡ የሚከናወነው በእጅ ሥራና በእግር ነው።

በንባብ ቤት የሚማረው ሕፃን ብዙ ጊዜ የሰፈሩ ልጅ በመሆኑ ሲመሽ ወደ እናቱ ይመለሳል፤ ስለ እርሱ ብዙ የሚባል የለንም። ነገሩ የሚጠናው በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት ነው። ከሩቅ የመጣው ተማሪ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ለራሱ ቤት መሥራት ነው። እንጨት ቈርጦ፣ ሣር አጭዶ ጎጆ ይቀልሳል፤ ወይም ትምህርቱን ጨርሶ የሄደ ተማሪ የተወለትን ጎጆ ይወርሳል። ቀጥሎ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል። የሚያገኘው ቁራሽ እንጀራ ወይም እፍኝ ቆሎ ነው፤ የቆሎ ተማሪ የተባለውም በዚሁ ነው። ልመናውን ሥራ ነው ብሎ የሚቈጥር ሰው ጥቂት ይሆናል። እኛ ግን እንደ ሥራ እንቈጥረዋለን። ቀን በቀን ጊዜና ጕልበት የሚጠይቅ፣ ያለ እርሱም ትምህርቱ የማይቀጥል ነገር ነውና።

ከልመናው ሌላ ለመምህሩ የሚደረገው አለ። ውኃ መቅዳት፣ ማገዶ መልቀም፣ የየኔታን ቤት መጥረግና ሣሩን መክደን፣ በእርሻ ጊዜ ማሳቸውን ማረም፣ በመኸር ማጨድና መውቃት የተማሪ ድርሻ ነበር። መምህሩ ዐይነ ሥውር ሲሆኑ፣ እንዲህ ያሉ ታላላቅ ሊቃውንት ብዙ ነበሩና፣ እጃቸውን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመራ አንድ ልጅ ይመደባል። ይህ ልጅ ከሌሎቹ ይልቅ ይታሰራል፤ ቀኑን ሁሉ ከመምህሩ ስለማይለይ ግን ከትምህርቱ ይልቅ የሚሰማ እርሱ ነው።

ሦስተኛው ተማሪው ለራሱ የሚሠራው ነው። ልብስ የሚሰፋ፣ ከሣርና ከስንደዶ ባርኔጣ የሚሠራ፣ ብራና የሚፍቅ፣ መጽሐፍ የሚገለብጥ ተማሪ ነበር። ሙት ባለበት ቤት ዳዊት ደግሞ የሚበላም አለ። ክረምት ሲገባ የገበሬው ጎተራ ስለሚራቈት ልመናው አይሆንም፤ ስለዚህ ተማሪው አረም በማረም እህል ያገኛል። ጥር ላይ ደግሞ ወደ ዐውድማ ወርዶ ከምርቱ ይለምናል። በእንደዚህ ያለ ሥራ የተገኘው የተማሪው የራሱ ነው። የድጓ ተማሪ ደግሞ ድጓውን በገዛ እጁ ሲጽፍ ሥራውና ትምህርቱ አንድ ይሆኑለታል። ብራናውን፣ ቀለሙን፣ ምልክቱን ሁሉ በእጁ ያለፈ ሰው መጽሐፉን ሲገልጥ የሚያነበው በጣቶቹም ጭምር ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚገዛው ሥርዐት ምን ነበር? በጽሑፍ የተቀመጠ ደንብ አልነበረም። ሆኖም ልማዱ የታወቀ ነው። የመጀመሪያው ተራ ነው። ውኃውም ማገዶውም በተራ ይደርሳል፤ ተራውን የሚጠብቀው መምህሩ ሳይሆኑ ከተማሪዎቹ ታላቅ የሆነው ነው። ለልመናም መንደሩን ይከፋፈላሉ፤ ሁሉም በአንድ ደጅ ቢቆም ባለቤቲቱ ትሰለቻለችና። ሁለተኛው ጊዜ ነው። ሥራው የሚገባው በትምህርቱ ክፍተት ነው። ማለዳ ከመምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ሌሊት በጨለማ በቃሉ ያጠናል፤ ልመናው ሰው ማዕድ በሚያቀርብበት ሰዓት፣ የእንጨቱም ነገር ከዚያ ወዲህ ወይም ወዲያ ይሆናል። ሦስተኛውና ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው በዕውቀት ደረጃ ከሥራ ወደ ሥራ መሸጋገር ነው። አዲሱ ተማሪ ውኃ ይቀዳል። የበሰለው ተማሪ ግን በመምህሩ ፈንታ ታናናሾቹን ያስቀጽላል። ይህም ሥራ ነው፤ እንዲያውም ያለ እርሱ አንድ መምህር ያን ሁሉ ተማሪ ማስተማር አይችሉም ነበር። በዛሬ ቋንቋ ረዳት መምህር የምንለው ማለት ነው። ዋጋው በገንዘብ አይከፈልም፤ ሆኖም ለሌላው የሚያስቀጽል ሰው የራሱ ትምህርት እየጠና ስለሚሄድ ዋጋውን ከሥራው ውስጥ ያገኛል።

ከዚህ ላይ ከሌላ አገር ጋር ማመዛዘን ይጠቅማል። አይዛክ ኒውተን በ1661 (እ.ኤ.አ.) ካምብሪጅ ወደሚገኘው የሥላሴ ኮሌጅ ሲገባ የገባው በአገልጋይ ተማሪነት ነበር። በዚያ አገር ድኻው ተማሪ ለመምህራኑና ለባለጸጎቹ ተማሪዎች ማዕድ እያቀረበና እየተላከ የትምህርቱን ወጪ ይቀንስ ነበር። ሥራው የድኽነት ምልክት ነው፤ ማን አገልጋይ ማን ተገልጋይ እንደ ሆነ በማዕዱ ላይ ይታያል። በእኛ ጉባኤ ቤት ግን ወደ የኔታ ደጅ የመጣ ሁሉ፣ የባለ ርስት ልጅም ቢሆን፣ አኮፋዳ ያነግታል። ልመናው ትሕትና ማስተማሪያ ነው ተብሎ ስለሚታመን ከእርሱ የሚቀር የለም። የመኳንንቱ ልጆች ብዙውን ጊዜ መምህር ወደ ቤታቸው አስመጥተው ይማሩ ስለ ነበረ እኩልነቱ ሙሉ ነበር አንልም። በጎጆው መንደር ውስጥ ግን ሥራ የሚከፈለው በትውልድ ሳይሆን በደረጃ ነበር፤ ዛሬ ውኃ የሚቀዳው ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደሚያስቀጽል ያውቃል። ይህንን መልካም ነገር ሳናነሣ ብናልፍ ፍርድ ማጓደል ይሆንብን ነበር።

ቢሆንም የሥርዐቱን ሌላ ፊት መሸፈን አይገባም። ይህ ሥራ አንድም ቀን ሥራ ተብሎ አልተጠራም። ስሙ መታዘዝ ነው፣ አገልግሎት ነው፣ በረከት መቀበል ነው። ስም የሌለው ነገር ደግሞ አይለካም። ሥርዐቱ የሚጠብቀው የትምህርቱን ሰዓት ነው፤ የልጁን አካል የሚጠብቅ ቃል አልነበረውም። በደረጃ መከፈሉም ራሱ ከባዱን ሸክም ከሁሉ በሚያንሰው ልጅ ጫንቃ ላይ ያኖረዋል። በጉና ሥር በውርጭ ሌሊት ለሚነደው እሳት እንጨቱን የሚሸከመው አራተኛ ዓመቱን የያዘው ድጓ ተማሪ ሳይሆን ትናንት የመጣው ነው። ውሻ የነከሰው፣ በእከክ የተያዘ፣ በተስቦ ወድቆ በጎጆው የቀረ ተማሪ ታሪክ በሊቃውንቱ ትዝታ ውስጥ ይመላለሳል። መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው ከአለቃ ለማ ኃይሉ አፍ ተቀብለው የጻፉት መጽሐፈ ትዝታ የዚህን ኑሮ ሣቅና መከራ አንድ ላይ ስለሚያሳይ፣ ያላነበበ ተማሪ ቢያነበው እንመክራለን።

ታዲያ ልጁን ከመጠን ያለፈ ሸክም የሚያድነው ምን ነበር? በእኛ አስተያየት እግሩ ነበር። ተማሪው በውል አልታሰረም። መምህሩ ከመጠን በላይ የሚያዝዙ፣ ወይም ከማስተማር ይልቅ እርሻቸውን የሚያሳርሱ ቢሆኑ፣ አኮፋዳውን አንሥቶ ወደ ሌላ ደብር ይሄዳል። መምህር የሚከበሩት በተማሪያቸው ብዛት ስለ ሆነ፣ ጉባኤያቸው እንዳይፈታ ሲሉ ሸክሙን በልኩ ያደርጉታል። በንባብ ቤት የሚኮበልለውን ሕፃን በእግር ብረት እስከ ማሰር ይደረስ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሕፃኑ የሚታሰረው በወላጁ ፈቃድ ነው፤ ያደገው ተማሪ ግን ወላጁ ሩቅ ነው፣ እግሩም የራሱ ነው። ያልተጻፈው ደንብ ዋስትና ይህ ነበር ማለት እንችላለን።

በዓመት አንድ ቀን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል፣ ሕዝቡ ቡሄ የሚለው፣ የተማሪዎች በዓል ነው። ተማሪዎቹ አስቀድመው እህልና ጌሾ ከየቤቱ ይለምናሉ፤ ጠላ ያስጠምቃሉ፣ ዳቦ ያስጋግራሉ፤ በዕለቱም መምህራቸውንና የመንደሩን ሰው ጠርተው ያበላሉ፣ ያጠጣሉ። ዓመቱን ሙሉ በደጅ የቆመው ልጅ በዚያ ቀን ጋባዥ ነው። በዓሉ ከከተማዋ ጋር አንድ ስም መያዙ ለጽሑፋችን የተመቸ አጋጣሚ ሆኖልናል።

አሁን ወደ ጋፋት እንሻገር። ዐፄ ቴዎድሮስ የካቲት 1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ወደ አገራችን የመጡት ከስዊስ አገር ከቅድስት ክሪሾና የተላኩ የእጅ ባለ ሙያ ሚስዮናውያን፣ ከእነ ዋልድማየር ጋር፣ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ተቀመጡ። ሌሎችም አውሮፓውያን ተጨመሩ። በዚያም የብረታ ብረት ማቅለጫና መሥሪያ ተቋቋመ፤ አብሮም የኢትዮጵያ ልጆች ንባብና ጽሕፈትን ከእጅ ጥበብ ጋር የሚማሩበት ትምህርት ቤት ተከፈተ። አሳቡ የንጉሡ ነው። ከባሕር ማዶ መሣሪያ ከመለመን የሚሠራውን እጅ እዚሁ ማፍራት ይሻላል የሚል አሳብ ነበራቸው። በዘመኑ ከአንጥረኛና ከቀጥቃጭ ጋር መቀመጥ እንደ ነውር በሚቈጠርበት አገር፣ ልጅን ፊደልና መዶሻ ባንድነት ማስያዝ እጅግ ደፋር ነገር ነበር። ንጉሡ ራሳቸው መንገድ ሲሠራ ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኛው ጋር መዋላቸውም የታወቀ ነው።

የትምህርቱን ፍሬ ስናይ ግን ሥራው ትምህርቱን እንደ ዋጠው እንረዳለን። ንጉሡ ጠላት በበዛባቸው ቊጥር ከጋፋት የሚፈልጉት ሰው ሳይሆን መድፍ ሆነ። ከብዙ ሙከራ በኋላ በ1859 ዓ.ም. ገደማ ሴባስቶፖል የተባለው፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው መድፍ ተቀለጠ። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በብዙ መቶ ሰው ጕልበት እየተጐተተ፣ መንገዱም ከፊቱ እየተጠረገ፣ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ሞቱ፤ ባለ ሙያዎቹም ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ሄዱ። ትምህርት ቤቱ ከዚያ አላለፈም።

ጋፋት ለምን ጠፋ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ የንጉሡ መውደቅ ነው። እኛ ሌላም ምክንያት እናያለን። በየኔታ ደጅ ሥራው ለትምህርቱ ሲባል የሚሠራ ነው፤ ስለዚህ ትምህርቱ ሥራውን ይወስነዋል። በጋፋት የሥራው ውጤት ለሌላ ጉዳይ የሚፈለግ ነው፤ ስለዚህ ሥራው ትምህርቱን ወሰነው። ከዚህም በላይ በጋፋት የእግር ነጻነት አልነበረም። አስተማሪዎቹ ራሳቸው ንጉሡ ካልፈቀዱ መሄድ አይችሉም ነበር። አስተማሪው ባልተፈታበት ቦታ የለማጁ መፈታት የሚታሰብ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ እናልፋለን። ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲጀመር ተማሪውን መንግሥት ይመግበውና ያሳድረው ነበር፤ አኮፋዳው በዚያ ላይ ተሰቀለ። ሆኖም ተማሪው ዕዳ አለበት የሚለው አሳብ አልተሰቀለም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል ተደነገገ፤ አብዛኛውም በአስተማሪነት ሠራ። አሜሪካኖች ተማሪ በግቢው ውስጥ በሰዓት ክፍያ እንዲሠራ የመንግሥት ገንዘብ የመደቡበት ሕግ የወጣው በዚያው በ1964 (እ.ኤ.አ.) መሆኑ ያስገርማል። እነርሱ ሰዓትና ደመወዝ ጻፉ፤ እኛ ግዴታና አገልግሎት ጻፍን። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ፤ አልዘምትም ማለት ትምህርትን ማጣት ነበር። በዚያው ዓመት የገጠር መሬት ዐዋጅ የደብሩን መሬት ስለ ወሰደ የጉባኤ ቤቱ መምህር መተዳደሪያ ተናጋ፤ ለየኔታ ማሳ የሚታረመው አረምም አብሮ ቀረ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወጪ መጋራት የሚባለው ሥርዐት መጣ፤ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን፣ የትምህርቱንም ወጪ ከፊል ከምረቃ በኋላ እንዲከፍል ይፈርማል፤ ለመምህርነት የሠለጠነው በአገልግሎት ሊከፍል ይችላል። እንግዲህ የድሮው ሒሳብ፣ ማለት ትምህርትን በሥራ መክፈል፣ በሕግ ቋንቋ ተመልሶ መጣ።

የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ፤ የቴክኖሎጂ ተቋሙም የጋፋትን ስም ይዟል። በእንዲህ ያለ ተቋም ተማሪን በሥራ ማሠማራት ጠቃሚ መሆኑን አንጠራጠርም። ከቤቱ ምንም የማይላክለት የገበሬ ልጅ ለደብተርና ለሳሙና የሚሆን ገንዘብ ያገኝበታል። ሙያም ይለምድበታል። ነገር ግን ያለፈውን ስናይ አንድ ጥንቃቄ ይታየናል። የ2011ዱ የሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156 ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ በሌላ ወገን ለትምህርት ወይም ለሥልጠና ተብሎ የተደረገን ውል፣ የለማጅነት ውል ካልሆነ በቀር፣ ከወሰኑ ውጭ ያደርገዋል። ስለዚህ የተማሪ ሥራ «ትምህርት ነው» በተባለ ጊዜ ሁሉ ከሕጉ ጥበቃ ሊያመልጥ ይችላል፤ ያኔ ሰዓቱንና ዋጋውን የሚወስነው የተቋሙ የራሱ ደንብ ብቻ ይሆናል። መታዘዝ፣ በረከት፣ ልምምድ፤ ስሙ ይለዋወጣል እንጂ ጉዳዩ ያው ነው።

የቆሎ ተማሪው የነበረው ዋስትና ደግሞ የዛሬው ተማሪ የለውም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከአገር አቀፍ ፈተና በኋላ በምደባ የሚላክ ነው። የሚያሠራው ሰው ቢከብደው አኮፋዳውን አንሥቶ ወደ ሌላ ደብር መሄድ አይችልም። በዚህ በኩል ነገሩ ከየኔታ ጎጆ ይልቅ ወደ ጋፋት ያደላል። በመሆኑም የግቢ ሥራ ደንብ የሚያወጣ ክፍል ከሁሉ አስቀድሞ ሊጽፈው የሚገባው ክፍያውን እንኳ አይመስለንም። ሥራ የሚያዝዘው ሰው የዚያኑ ተማሪ ፈተና የሚያርም እንዳይሆን፣ ተማሪውም በፈተና ሰሞን ወይም በታመመ ጊዜ ሥራውን ሲተው በውጤቱ ላይ ምንም እንዳይደርስበት ይጻፍ። ሰዓቱ በሳምንት ተወስኖ በተማሪውም እጅ በሚቀር መዝገብ ይያዝ። አዲስ የገባውን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁልጊዜ ወደ ወጥ ቤትና ወደ ጽዳት፣ የቆየውን ሁልጊዜ ወደ ቤተ መጻሕፍት መመደብም በጎጆው መንደር እንዳየነው በልማድ የሚገባ ነገር ስለ ሆነ፣ ተራው በግልጥ ይለጠፍ፤ ተራውን የሚጠብቀው ተማሪም በተማሪዎች ይመረጥ።